ሦስተኛው ጉድጓድ፦ የአንዲት አሮጌ ኮሮላ የካንዴላ ቅየራ

ካንዴላ፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ፣ መቀየር ጋራዥ ውስጥ ለጀማሪ የሚሰጥ ሥራ ነው። መኪና ሥር መግባት የለም። ከባድ ነገር ማንሳት የለም። አራት ፈትቶ አራት ማሰር ነው። ባለፈው ክረምት የመጣችልኝ አንዲት ኮሮላ ግን ለዚሁ ሥራ ሁለት ጊዜ ጋራዥ ገብታ፣ በድምሩ ከሳምንት በላይ ቆማለች። ከእኔ በፊት ሦስት ሰዎች እጃቸውን አስገብተውባታል። አንዱ ሞተሩ ወርዶ ይከፈት ብሎም ነበር። እኔም ብሆን ከስህተት አላመለጥኩም። ጉዳዩን የምጽፈው ለዚህ ነው። የባለቤቱንም ሆነ የጋራዦቹን ስም አላነሳም።

መኪናዋና ባለቤቷ

መኪናዋ 1994 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ 16 ቫልቭ፣ በኢንጀክሽን የሚሠራው 4ኤ-ኤፍኢ ነው። በዚህ ሞተር ካንዴላዎቹ ከጎን አይታዩም። በሁለቱ ካምሻፍቶች (ቫልቮቹን በሚከፍቱት ዘንጎች) መካከል ከክዳኑ ወደ ታች የሚወርዱ አራት ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ካንዴላዎቹ የተቀመጡት እዚያ ሥር ነው። ኮፈን ከፍቶ ለሚያይ ሰው የሚታየው ገመዱና የገመዱ የጎማ ቆብ ብቻ ነው።

ባለቤቷ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። መኪናዋን ከ18 ዓመት በላይ ይዘዋታል። «ቀይሯት» የሚላቸው ሰው አይጠፋም። ግን በምን? በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ደህና አሮጌ መኪና ያለው ሰው መኪናውን እንደ እንቁላል ነው የሚይዘው። ጋሼም እንዲያው ናቸው።

አንድ ሌላ ነገር አላቸው። ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ የማትጠፋ ደብተር። ቤንዚን በቀዱ ቁጥር ቀኑን፣ ሊትሩንና ኪሎሜትሩን ይጽፋሉ። ጎማ ሲነፉ ይጽፋሉ። የመጀመሪያ ቀን ሳያት ሳቄ መጥቶ ነበር። ኋላ ግን ከቴስተሬ (ከኤሌክትሪክ መለኪያዬ) እኩል የጠቀመችኝ እሷ ናት።

ያመጡት ችግር

በሐምሌ አጋማሽ ነው የመጡት። ጠዋት ሞተሩ በስንት መከራ ይነሳል። ከተነሳም በኋላ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡት) ሆኖ ይንዘፈዘፋል፤ መሪው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ያለው ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ይቆራርጣል። ዝናብ በዘነበ ቀን ይብሳል። ደብተሩ ላይ ደግሞ በሊትር 12 ኪሎሜትር ትሄድ የነበረችው መኪና ወደ 9 ወርዳለች።

ከእኔ በፊት የተሠራው ይህ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ የቤንዚን ፊልትሮ ቀየረ፤ አሮጌዎቹን ካንዴላዎች አውጥቶ ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ መለሳቸው። ሁለተኛው ኮምፕሬሽን ለካ፤ ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት ነው፣ በካሬ ሴንቲሜትር በኪሎ የሚለካ። «ከ10 ኪሎ በታች ነው፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ጨርሷል፣ ሞተር ይውረድ» አለ። ጋሼ በዋጋው ደንግጠው ተመለሱ። ከዚያ ራሳቸው ከአንድ ሱቅ አራት አዲስ ካንዴላ ገዙና የሰፈር መካኒክ አሰረላቸው። ሁለት ቀን ደህና ሆነች። በሦስተኛው ቀን ወደ ነበረችበት ተመለሰች።

ምርመራው

መጀመሪያ የማደርገው የማይሠራውን ሲሊንደር መለየት ነው። እኛ አገር ልማዱ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመድ በየተራ መንቀል ነው። ሰውየውን ኤሌክትሪክ ይመታዋል፣ የኢግኒሽኑንም ኤሌክትሮኒክስ ሊያቃጥል ይችላል። ኢንጀክሽን ባለው ሞተር የኢንጀክተሩን ሶኬት መንቀል ይሻላል፤ ለዚያ ሲሊንደር ቤንዚን ይቋረጣል፣ ሌላ ጣጣ የለውም። 1ኛውን ስነቅል የሞተሩ ዙር ወደቀ። 1ኛው ቺንጊያ በኩል ያለው ነው። 2ኛውን ስነቅል ወደቀ፣ 4ኛውም እንዲሁ። 3ኛውን ስነቅል ምንም። ሞተሩ አልሰማም። ስለዚህ መኪናዋ በሦስት ነው የምትሄደው።

የ3ኛውን ገመድ ሳብኩት። የጎማው ቆብ እስከ ግማሹ በጥቁር ዘይት ተነክሮ ወጣ። ጎማው አብጧል፣ ሲጫኑት እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ባትሪ መብራት አብርቼ ጉድጓዱን አየሁ። ሥሩ አይታይም። ሁለት ጣት የሚሆን ዘይት ተኝቶበታል፤ ከዘይቱ ሥር ደግሞ የውሃ ጠብታ አለ። 2ኛው ጉድጓድም ትንሽ ዘይት ነበረው።

ዘይቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። የሞተሩ ክዳን ዙሪያውን ጎማ አለው፤ በየካንዴላው ጉድጓድ አፍም ቀለበት አለ። ሠላሳ ዓመት የሞላው ጎማ እንደ ፕላስቲክ ይደርቅና ዘይት ያሳልፋል። ውሃው ግን? ዝናብ ያን ያህል አይገባም። ጋሼን «ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን ተደርጎ ነበር?» አልኳቸው። «ምንም» አሉ። ደብተሩን እንዲያዩልኝ ለመንኩ። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ኋላ ገለጡ። የፋሲካ ዋዜማ፦ «ላቫጆ፣ ሞተር ጭምር።» ቀጥሎ ቤንዚን በቀዱ ጊዜ ፍጆታው ጨምሯል።

ላቫጆ ሞተር በግፊት ውሃ ሲታጠብ ጉድጓድ ያለው ሞተር ውሃውን ይይዛል። በተለይ ቆቡ ያረጀ ከሆነ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሦስቱም ባለሙያዎች ሞተሩን መርምረዋል። ሞተሩ መቼ እንደታጠበ ግን አንዳቸውም አልጠየቁም።

የተደረገው

ዘይቱ ሳይወጣ ካንዴላ ቢፈታ ሁሉም ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ኮምፕሬሰር ብቻ ቢነፉበት ዘይቱ ፊት ላይ ይረጫል። ከፋርማሲ የተገዛ ትልቅ ሲሪንጅ ላይ የግሉኮስ ቱቦ ቁራጭ ሰክተን መጠጥነው። የተረፈውን በእንጨት ላይ በጠቀለልነው ጨርቅ አደረቅን። ጠጠርና አሸዋ እንዳይቀር ብለን በመጨረሻ በአየር ነፋነው። ይህ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጅቷል። ረዳቴ «ካንዴላ ልንቀይር ነው ወይስ ጉድጓድ ልንቆፍር?» ሲል ሰማሁት።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ቴስታው (ካንዴላዎቹ የሚታሰሩበት የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም ነው፤ ሲግል ጥርሱ በቀላሉ ይበላሻል። 1ኛው፣ 2ኛውና 4ኛው ካንዴላ ያለ ችግር ወጡ። በወጡበት ተራ ካርቶን ላይ ደረደርናቸው፤ ረዳቴ በእስክሪብቶ ቁጥር ጻፈባቸው። 1ኛውና 4ኛው ጫፋቸው ደረቅና ቡኒ ነው። ጤነኛ ናቸው። 2ኛው ትንሽ ጠቆር ብሏል፤ ነጩ ሸክላው ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። በእርሳስ የተሰመረ ይመስላል። ልጁ በጣቱ ሊያጠፋው ሞከረ፤ አልጠፋም። ኤሌክትሪኩ በውስጥ ማለፉን ትቶ በውጭ የሮጠበት መንገድ ነው።

3ኛው ሩብ ዙር ዞረና ቆመ። ስገፋው ሲጢጥ አለ።

እዚህ ላይ አቆምን። ከሁሉም የጠቀመን ማቆማችን ነው ብዬ አስባለሁ። እጀታውን አስረዝሞ የሚጎትት ሰው ወይ ካንዴላውን ይሰብረዋል፣ ወይ የቴስታውን ጥርስ ይዞ ይወጣል። ወደ ነበረበት መልሰን፣ የዝገት ማስለቀቂያ ነፍተን፣ ሞተሩን ትንሽ አሙቀን ሞከርን። አልሆነም። እንደገና ነፍተን አሳደርነው። በማግስቱ ጠዋት የዙር አንድ ስምንተኛ ወደ ፊት፣ የዙር አንድ ስምንተኛ ወደ ኋላ፣ በየመሃሉ እየነፋን፣ አርባ ደቂቃ ግድም ፈጅቶ ወጣ። ጥርሱ ላይ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ተጠምጥሞበታል።

ካንዴላው ተጣምሞ ነው የገባው። ማሰሪያው ሮንዴላ (የብረት ቀለበት) በአንድ ጎኑ ብቻ ተጫጭኗል፤ በሌላው ጎን ጥቀርሻ አለ። ጋዝ ያፈተልክበት ነበር ማለት ነው። ጋሼ የቫልቭ ድምፅ ነው ያሉት «ጭክ ጭክ» ይህ ሳይሆን አይቀርም። ማን አጣሞ እንዳሰረው አላውቅም። መፍቻ ያስገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው።

ካንዴላዎቹ ራሳቸው

አራቱም የታወቀ የጃፓን ብራንድ ስም ተጽፎባቸዋል። ጽሑፉን አውራ ጣቴን አርጥቤ ስጠርገው ለቀቀ። በኮዱ ውስጥ አር የሚለው ፊደል አለ፤ ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገታ ክፍል) አለው ማለት ነው። ሬዚስተር ያለው ካንዴላ ከላይኛው ጫፉ እስከ መሃል ሽቦው ሲለካ 5 ኪሎኦም አካባቢ ያሳያል። በቴስተር ለካናቸው። ሦስቱ ዜሮ ግድም አነበቡ፤ አንዱ ደግሞ ጭራሽ አያነብም። ያኛው 3ኛው ነው።

ለገዢ ቀላሉ መመርመሪያ ይህ ይመስለኛል። ካርቶኑን፣ ሆሎግራሙን መመልከት ያሳስታል፤ እነሱንም አስመስለው ያትማሉ። ቴስተር ግን ሱቁ በር ላይ ቆሞ በአንድ ደቂቃ ይለካል። የሚናደድ ባለሱቅ ካለ፣ መናደዱ ራሱ መልስ ነው።

አዲስ የገዛነው በመመሪያው ልክ ነው፦ በኤንጂኬ አቆጣጠር የሙቀት ቁጥሩ 5፣ በዴንሶ 16። ሁለቱም ቁጥራቸው ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፣ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፤ የቁጥሮቹ መጠን ግን ስለሚለያይ አንዱን ከሌላው ጋር ማምታታት ቀላል ነው። ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት ለዚህ ሞተር 0.8 ሚሊሜትር ነው። ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚለካው በሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ ነው፤ እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት። የሴጌቶ ምላጭ ግን አብዛኛው 0.7 እንኳ አይሞላም። የምላጭ ልማድ ያለው ሰው ክፍተቱን ሳያውቀው ያጠበዋል። መለኪያው ከአንድ ካንዴላ ዋጋ ብዙ አይበልጥም፤ ገዝቶ ማስቀመጥ ነው።

3ኛው ጉድጓድ

ጥርሱን መጀመሪያ በጥርስ ማጽጃ መሣሪያ ብቻ ለማዳን ሞከርን። የጥርሱ ልክ 14 በ1.25 ሚሊሜትር ነው። የማጽጃውን ቦዮች በግራሶ ሞላን፤ ፍቅፋቂው ግራሶው ላይ እንዲጣበቅና ሲሊንደር ውስጥ እንዳይወድቅ ነው። ካንዴላው ገባ። በእጅ እስከ ታች ወረደ። ደስ አለን። ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ መፍቻ) ላይ ስንደርስ ግን ሳይጠነክር ዞረ፣ አሁንም ዞረ። ጥርሱ አልቋል።

አማራጩ ሁለት ነው። ቴስታውን አውርዶ ቶርኖ ቤት መውሰድ፣ ወይም ባለበት ላይ ከውስጥም ከውጭም ጥርስ ያለው የብረት ቦኮላ ማስገባት። ትክክለኛው የመጀመሪያው ነው፤ ፍቅፋቂው ሞተር ውስጥ አይገባም። ግን ወጪው ብዙ ነው፦ የቴስታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አለ፣ የብሎን አለ፣ የቶርኖ አለ። ጋሼ የጡረተኛ ኪስ ነው ያላቸው። አደጋውን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ ቀስ ብለህ የምትሠራ ከሆነ እዚሁ ሥራው» አሉኝ።

ቦኮላውን ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች አገኘነው። ችግሩ ጥልቀቱ ነው። ጥርስ ማውጫው እጀታው እዚያ ድረስ አይደርስም። ቶርኖ ቤት ሄደን ማስረዘሚያ ዘንግ አሠራንለት። ሁለት ቀን እዚያ ላይ አለቀ። ከዚያ ፒስተኑን ወደ ታች አወረድነው፤ ማውጫው እንዳይነካው። ቦዮቹን ግራሶ ሞልተን ግማሽ ዙር እናዞራለን፣ እናወጣለን፣ እንጠርጋለን፣ እንደገና ግራሶ እንሞላለን። ልጁ ስንት ጊዜ እንዳወጣን ቆጥሯል፦ ሃያ ሦስት። ሲያልቅ ቀጭን ቱቦ በቫኩም ክሊነር ላይ አስረን ውስጡን ሳብን። ከስልክ ጋር የሚገናኝ የገመድ ካሜራ ተውሰን ስናይ አንዲት ፍቅፋቂ ፒስተኑ ራስ ላይ ተኝታለች። ዱላ ጫፍ ላይ ግራሶ ቀብተን አነሳናት። በመጨረሻ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት ነቅለን፣ ካንዴላዎቹ ሳይታሰሩ፣ ሞተሩን በሞተሪኖ አዞርነው፤ የቀረ ካለ እንዲተፋው።

አዲሶቹን ያሰርነው እንዲህ ነው። አንድ ስንዝር የቤንዚን ጎማ ቱቦ የካንዴላው አናት ላይ ይሰካል። በዚያ ቱቦ ካንዴላው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፣ ቱቦውም በሁለት ጣት ይዞራል። ካንዴላው ከተጣመመ ቱቦው ራሱ ይንሸራተታል፤ ጥርስ ለማበላሸት ጉልበት የለውም። ቀጥ ብሎ ከገባ ብዙ ዙር ይሄዳል። መፍቻ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የዚህ ሞተር ልክ 18 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ መፍቻ የሌለው ሰው፣ አዲስ ሮንዴላ ያለው ካንዴላ በእጅ ከተቀመጠ በኋላ ግማሽ ዙር ወይም ትንሽ አለፍ አድርጎ ያጥብቀው። ሮንዴላው ቀድሞ ለተጫነ አሮጌ ካንዴላ ግን የአንድ ዙር አሥራ ሁለተኛ ይበቃል። ጥርሱ ላይ ግራሶ አልቀባንም። ብዙ መካኒክ ይቀባል፣ በዚህ ላይ ተከራክሬያለሁም። ሽፋን ያለው ካንዴላ ጥርሱ ሲቀባ ስለሚንሸራተት በዚያው ጉልበት ከልኩ በላይ ይጠብቃል።

ኮምፕሬሽኑስ?

ሁሉም ነገር ሳይታሰር ኮምፕሬሽን ለካን፤ ጋሼ ስለ ፋሻው እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። አራቱ ሲሊንደሮች 10፣ 9.9፣ 9.7 እና 10 ኪሎ አነበቡ። መመሪያው ለዚህ ሞተር 13.5 ኪሎ ግድም ይላል፤ ዝቅተኛው 10። በመጽሐፉ ከሄድን ሁለተኛው ጋራዥ ልክ ነው፣ ሞተሩ ይውረድ።

መጽሐፉ የተጻፈው ግን ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠረፉ ሦስት ሩብ ያህል ነው። ፒስተኑ የሚጨምቀው አየር ከመነሻው ስስ ከሆነ መለኪያው ላይም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የ13.5 ሦስት ሩብ 10 ግድም ነው። ይህ ሞተር እንደ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ይህን በካርቶን ላይ ጽፌ ሳሳያቸው ጋሼ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱና ስሌቱን ደግመው ሠሩት። ስህተት ፈለጉ፣ አጡ። «ሰውዬው ሂሳብ አያውቅም እንጂ ክፉ አይደለም» አሉ።

አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ከማወዳደር ይልቅ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማወዳደር ነው የሚጠቅመው። አንዱ 10 ሆኖ ሌላው 7 ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን

ቅዳሜ መኪናዋን ወሰዱ። ሚኒሞው እንደ ሰዓት ነው። ዘጠነኛው ቀን ላይ ዝናብ ዘነበና ጠዋት ደወሉልኝ። እንደገና መንዘፍዘፍ ጀምራለች።

ጥፋቱ የኔ ነው። የካንዴላ ገመዶቹን ለክቼ ነበር። የቶዮታ መመሪያ ለአንድ ገመድ እስከ 25 ኪሎኦም ይፈቅዳል፤ 3ኛው 11 ነበር። «ጥሩ ነው፣ ወጪ አናብዛ» ብዬ ቆቡን በሳሙና አጥቤ መለስኩት። ቴስተር የሚለካው ገመዱ ኤሌክትሪክ ማሳለፉን ነው። ጎማው ኤሌክትሪኩን መያዝ አለመያዙን አይለካም። ዘይት የጠጣ ጎማ ኦሙ ልክ ሆኖ በጎኑ ሊያፈስ ይችላል፤ ለዚያ የሚዘለው ኤሌክትሪክ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ነውና።

ማታ መብራት አጥፍተን ኮፈኑን ከፈትን። ረዳቴ በአበባ መርጫ ትንሽ ውሃ ወደ ገመዶቹ አነፈሰ። 3ኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ከቆቡ ወደ ክዳኑ ሲዘል አየነው፣ ጠስ ጠስ እያለ። 2ኛውም አንዳንዴ ይዘላል። ቀን ቢሆን አይታይም ነበር።

በዚህ ጊዜ በደንብ ሠራነው። ክዳኑ ተነሳ፤ ዙሪያው ጎማና የጉድጓዶቹ ቀለበቶች ተቀየሩ። አሮጌው ጎማ ስናነሳው እንደ ብስኩት ተሰበረ። አራቱም ገመዶች ተቀየሩ። የ3ኛው አዲስ ካንዴላ ሸክላው ላይ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ቀጭን ጥቁር መስመር ይዞ ነበር፤ እሱንም ቀየርነው፣ ከኪሴ። ሞተር ዘይቱም ቤንዚን ይሸት ስለነበር ተቀየረ፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን በፋሻው በኩል ወደ ዘይቱ ወርዶ ነበር።

ከዚህ ጉዳይ የያዝኩት

ቅደም ተከተሉ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካለ መጀመሪያ የሚቀየረው ጎማው ነው፣ ከዚያ ገመዱ፣ በመጨረሻ ካንዴላው። እኔ ከታች ወደ ላይ ሄድኩ። ዛሬ ጋራዤ ውስጥ ጉድጓድ ያለው ሞተር ሲመጣ፣ ገመዱን ስቤ ቆቡን በጨርቅ ሳልጠርግ ስለ ካንዴላ አላወራም። ጨርቁ ዘይት ካመጣ ለባለመኪናው የክዳኑን ጎማ ዋጋ አብሬ ነው የምነግረው። አንዳንዱ ይናደዳል፣ ሥራ ሊጨምርብኝ ነው ብሎ። ይናደድ።

ሁለተኛው የጥያቄው ነገር ነው። «ምን ሆነ?» ስንል ሰው ስለ ድምፁና ስለ መንቀጥቀጡ ይነግረናል። «ከዚያ በፊት ምን አድርገው ነበር?» ካልን ግን ላቫጆ ይወጣል፣ ባትሪ ቅየራ ይወጣል፣ ሰርቪስ ይወጣል። ሁሉም ሰው ደብተር የለውም። ቢሆንም ሲጠየቅ ያስታውሳል።

በኢንጀክሽን ሳይሆን በካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር በሚቀላቅል ዕቃ) የሚሠራ መኪና ያላቸው ሰዎች ስለ ካንዴላ ቀለም ቢያነቡ አንድ ነገር ያስታውሱ። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ከፍታ ላይ ለስሱ አየር ቤንዚን ያበዛል። አራቱም ካንዴላዎች እኩል ደረቅ ጥቀርሻ ከያዙ ተጠያቂው ካርቡራቶሩ ሊሆን ይችላል፤ ካንዴላ ቢቀየር በወሩ ይጠቁራል። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ ግን፣ እንደ ጋሼ መኪና፣ ወደዚያው ሲሊንደር ነው መሄድ። ተራቸው ሳይደባለቅ መደርደሩ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ባልዲ ውስጥ የተጣለ ካንዴላ ምንም አይናገርም።

አሁን ያለችበት

መኪናዋ በጥር መጨረሻ ለዘይት መጣች። 3ኛውን ካንዴላ ፈታነው፤ ቦኮላው አልተንቀሳቀሰም፣ ካንዴላው በሁለት ጣት ወጣ፣ ጫፉ ቡኒ ነው። ጋሼ ደብተራቸውን አሳዩኝ፦ በሊትር 11.7። ስለ ቀሪው 0.3 ጠየቁኝ። የጎማ ንፋስ ይሆናል አልኳቸው፤ አልተዋጠላቸውም።

ገመዶቹን ስመልስ 1ኛው ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ቀጭን የዘይት ላብ አየሁ። የክዳኑን ዳዶዎች ልክ ፈትሼ፣ ጠርጌ አደረቅሁትና ቀኑን ደብተሩ ላይ እንዲጽፉልኝ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ዘይት ቅየራ እናየዋለን።